በአንድ ቁልቁለት ላይ ያልበረደ ጠብ

በበረዶ ተራራ ላይ የሰውን ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነገር ቢኖር፣ በስኪና በስኖውቦርድ ተንሸራታቾች መካከል ለዓመታት ያልበረደው ንትርክ ነው። ባለ ስኪ በየእግሩ አንዳንድ ቀጭን ጣውላ አስሮ ይንሸራተታል፤ ባለ ስኖውቦርድ ወይም ባለ ሰሌዳ ደግሞ ሁለቱንም እግሮቹን በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ያስራል። እኔ የስኪ ሰው ስለሆንኩ፣ ለሌላው ወገን ጥብቅና ቆመሃል የሚለኝ እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ተራራው በሚያወጣን ሊፍት፣ ማለትም በገመድ በተንጠለጠለው ወንበር ላይ አጠገቤ የሚቀመጠው ባለ ስኪ ገና እግሩን ሳይዘረጋ ሐሜቱን ይጀምራል፤ «እነዚህ ባለ ሰሌዳዎች በረዶውን ፍቀው ፍቀው ጨረሱት» ይላል፣ ተራራውን ከአባቱ የወረሰ ይመስል። ያው ሰው ከሊፍቱ እንደወረደ ግን ወደ ላይ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ መንሸራተቻው ዘው ይላል፤ ከኋላው የሚመጣው ሰው ለጥቂት ሲስተውም ጥፋተኛው ያው ባለ ሰሌዳው ይሆናል።

የዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን 10 የሥነ ምግባር ደንቦች አሉ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ከፊቱ ያለውን ለአደጋ በማያጋልጥ መስመር እንዲሄድ፣ ቆሞ የነበረ ሰው ሲነሳ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዲመለከት፣ ጠባብ በሆነ ወይም ከሩቅ በማይታይ ስፍራ ማንም ካልተቸገረ በቀር እንዳይቆም በግልጽ ያዝዛሉ፤ እግር ላይ የታሰረው አንድ ይሁን ሁለት ግን አይለዩም።

ባለ ሰሌዳዎቹም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። ሊፍት ሲሳፈሩ የኋላ እግራቸውን ስለሚፈቱ፣ ላይ ሲደርሱ መልሰው ማሰራቸው ግድ ነው፤ ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ ለዚህ ሥራ ዳር መያዝ እያለ፣ አራት አምስት ሆነው ቁልቁለቱ በሚሰበርበት፣ ከላይ በማይታዩበት ቦታ ላይ ተደርድረው መቀመጣቸው ነው። በሌላ በኩል ባለ ሰሌዳ ጎኑን ሰጥቶ ስለሚወርድ፣ የመንገዱ አንድ ወገን ከጀርባው ይቀርበታል፤ ይህን የሚያውቅ ባለ ስኪ በዚያ በኩል ተጠግቶ ባላለፈ ነበር፤ ነገር ግን መሳደብ ይቀላል።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ክልከላው ነው። በአሜሪካ በዩታ አልታና ዲር ቫሊ፣ በቬርሞንት ደግሞ ማድ ሪቨር ግሌን የተባሉት መንሸራተቻዎች እስከ ዛሬ ስኖውቦርድ አያስገቡም። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ታኦስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 በሩን ከፍቷል። የአልታ መንሸራተቻ አብዛኛው የመንግሥት ደን መሬት ላይ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባለ ሰሌዳዎች የመሠረቱት ክስ ውድቅ ሆነ፤ በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ክልከላው የግል ድርጅት ውሳኔ እንጂ የመንግሥት ድርጊት አይደለም ብሎ አጸናው። ሕጉ ይህን ይበል፤ በእነዚያው ተራሮች ላይ ግን ጫፉ ከፊትም ከኋላም ወደ ላይ የታጠፈ ስኪ፣ ማለትም ሰሌዳውን የሚመስለው ቅርጽ፣ ያለ ከልካይ ይወርዳል።

ዝምድናው ከዚህም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ሸርማን ፖፐን የተባለ ሰው ለልጆቹ መጫወቻ የሠራው የስኖውቦርድ ቅድመ አያት፣ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ስኪዎች ነበሩ። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካም እ.ኤ.አ. በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ሱፐር ጂ በሚባለው የስኪ የፍጥነት ውድድር በ0.01 ሰከንድ ልዩነት ወርቅ ወሰደች፤ ከቀናት በኋላ በስኖውቦርድ ሁለተኛ ወርቅ ደገመች። እስቲ እሷን ለየትኛው ጎራ እንመድባት?

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ሁለት ሰዎች ተጋጭተው በወደቁ ቁጥር ከተሰበሰበው ሰው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ባለ ምን ነው?» የሚል ነው። ከላይ የመጣው የትኛው እንደነበረ የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም።