«ሰው» ያለው እና ዋስ ያለው

ባለፈው ሰሞን ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ለወጣት ነጋዴዎች በተዘጋጀ የትውውቅ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ «20 ቢዝነስ ካርድ ሳትይዙ እንዳትወጡ» አላቸው። ልጆቹም ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞሩ አመሹ። ማተሚያ ቤት ስላለኝ ከካርዶቹ ብዙዎቹን ያተምኩት እኔ ነኝ። ከነዚያ 20 ሰዎች ውስጥ በችግር ቀን ስልክ የሚያነሳው ስንቱ ይሆን እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በአገራችን ትውውቅ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን «ሰው አለህ ወይ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ንግድ ፈቃድ ለማደስ ወይም ብድር ለመጠየቅ ስትነሳ መጀመሪያ የምትሰማው እሷን ነው። ብዙ ወጣት ኔትዎርኪንግን እንዲህ ቢረዳው አይፈረድበትም። ነገር ግን ቢሮ ውስጥ ያለው «ሰው» ወረፋ ሲያዘልልህ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። ዋጋውን የሚከፍለው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ የቆመው ምስኪን ነው።

ዕቁብ ላይ ግን ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። መክፈል ቢያቆም ዕዳው ዋሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰው ጠባዩንና ቃሉን ላላየለት ዋስ አይሆንም። የእኛ ከተማ የጉብኝት ሥራም የቆመው በዚሁ ነው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ጀልባ ነጂ ይጠራል፤ ጀልባ ነጂው ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለሚያስጎበኝ ልጅ ይደውላል። አንዱ ካጭበረበረ የሁሉም ስም ይጎድፋል። እኔ የሥራ ወዳጅነት የምለው ይህን ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በጥር፣ የሠርግ ሥራ በተደራረበበት ሳምንት የወረቀት መቁረጫ ማሽኔ ተበላሸ። 500 የጥሪ ካርድ ታትሞ ሳይቆረጥ ተቀምጧል፤ ሙሽራው ጠዋት ይመጣል። ጨነቀኝና ትንሽ ራቅ ብሎ ወዳለው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ደንበኛ የምንነጣጠቅ ሰዎች ነን፤ ሰላምታችንም ከአንገት በላይ ነበር። ቆልፎ ሊሄድ ሲል ደረስኩበት። ነገሩን ስነግረው መልሶ ከፈተ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አብረን ቆረጥን፤ እሱ ወረቀቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ጠርዙን ያስተካክላል፣ እኔ የተቆረጠውን እያነሳሁ እደረድራለሁ። ሒሳብ ስጠይቀው «ተው እባክህ፣ ነገ የኔው ይበላሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ የማልችለውን ትልቅ ባነር ወደ እሱ እልካለሁ፤ እሱ የመጽሐፍ ጥረዛ ሲመጣበት ወደ እኔ ይልካል። ዕቁባችን ላይ ዋሱ እኔ ነኝ።

«ታዲያ ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ልጅ ማን ዋስ ይሁነው?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ዕዳው የእኛ፣ የቆየነው ነው። ትንሽ ትንሽ ሥራ ሰጥተን ካላየናቸው «ሰው» ፍለጋ መሄዳቸው አይቀርም። አምና አንዲት ልጅ ሲቪዋን ልታሳትም መጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ባነር አየችና «ጋሼ፣ ቀኑና ዕለቱ አይገጥምም እኮ» አለችኝ። 12 ባነር ሊታተም ነበር። ከዚያ ወዲያ ዲዛይን እሰጣታለሁ። በቀጠሮዋ ታስረክባለች፤ ካልቻለች ቀድማ ትደውላለች። ባለፈው ወር አንድ ድርጅት ንብረት የምትረከብበት ሥራ ሊሰጣት ፈልጎ «ተያዥ አምጪ» አላት። እያፈረች ነገረችኝ። መታወቂያዬንና የንግድ ፈቃዴን ኮፒ አድርጌ አብሬያት ሄድኩና ፈረምኩላት።