ጣሊያን የምትሄዱ ከሆነ አልጋ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያዙ

ጣሊያን ሊሄድ ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር ነው። ሮምን እዩ፣ ቬኒስንም እዩ፣ አልጋ ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ያዙ። ባለ ሁለት ኮከብ፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ ጠዋት ባለቤቷ ራሷ ቡና የምትቀዳበት ሆቴል። ይሄን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። "አውሮፓ ድረስ ለፍቼ ሄጄ ፔንሲዮን ልደር?" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ እደሩ። ከእኛ ሀገር ለሚሄድ ሰው እንዲያውም ከሌላው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፓርማን ልውሰድ፣ በደንብ የማውቃት እሷን ስለሆነ። ከሚላን ወደ ቦሎኛ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ናት። ከቦሎኛ በተራው ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሕዝቧ 200 ሺህ አካባቢ ነው። ባሪላ የሚባለው ፓስታ በ1877 የተጀመረው እዚያ ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ቱሪስት አይደርስባትም ማለቴ አይደለም፣ ግን ከተማዋ በቱሪስት አትኖርም። ሰዉ ፋብሪካ ይገባል፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ልጁን በብስክሌት ጭኖ ትምህርት ቤት ያደርሳል። እናንተ እዚያ መሀል እንግዳ ናችሁ እንጂ ገበያ አይደላችሁም።

ዋጋውም ይለያል። ሚላን ለአንድ ጠባብ ክፍል የሚጠየቀው ገንዘብ ፓርማ ላይ ሁለት ሌሊት የሚያሳድርበት ጊዜ አለ። ግን ወቅቱን እወቁ። በግንቦት ቺቡስ የሚባለው ትልቅ የምግብ ኤግዚቢሽን፣ በመጋቢትና በጥቅምት ደግሞ የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ ሲኖር አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም አይቀመስም። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም እዚያው ስለሆነ በሥራ ቀናት ስብሰባተኛ ይበዛል። በነሐሴ ግን ነጋዴውም ስብሰባተኛውም ይጠፋል።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብረን የሄድነው በነሐሴ ነው፣ በጾመ ፍልሰታ። ሆቴሉ ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ክፍሉ ትንሽ ነው። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ወንበር፣ በቀበቶ እየተሳበ የሚወጣና የሚወርድ የመስኮት መከለያ። ወለሉ ባለ ነጠብጣብ የድሮ ንጣፍ ነው፣ ግን ተወልውሎ ያበራል። ሻወሩ ሲከፈት መታጠቢያ ቤቱ በሙሉ ይረጥባል። ንጽሕናው ግን ምንም አይወጣለትም። ሰው ኮከብ እየቆጠረ ቤቱ ቆሻሻ ነው ብሎ ይደመድማል፣ ስህተት ነው። ኮከቡ በአብዛኛው የሚነግራችሁ ስላለው ነገር ነው፤ ሊፍት አለ ወይ፣ እንግዳ መቀበያው ስንት ሰዓት ክፍት ነው፣ ክፍሉ ስንት ካሬ ነው። አንሶላው መታጠቡን ኮከብ አይነግራችሁም።

ቁርስ ላይ ግን ችግር ነበር። ፓርማ ማለት የአሳማ ሥጋና የአይብ ሀገር ናት። ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ሁሉ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት ወይ እንቁላል አለበት። ብሪዮሽ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ እንኳ ቅቤና እንቁላል ነው። እናቴ ደግሞ ፍልሰታን ከነሥርዓቱ ነው የምትጾመው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አትቀምስም። ቁጭ ብላ እኔ ስበላ ታያለች። የሆቴሉ ባለቤት፣ ዕድሜዋ ከእናቴ ጋር የሚቀራረብ ሴት፣ አላስቻላትም። "ሲኞራ ለምን አትበላም፣ አመማት እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጾም መሆኑን፣ ለማርያም መሆኑን፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር እንደማይበላ። ትንሽ አሰበችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን እናገኛለን። ቲማቲም፣ ወይራ፣ ኮክ፣ ዳቦ። ዳቦውን ከተገኘበት ሁሉ አታመጣም። በዚያ አካባቢ አንዳንዱ ዳቦ የአሳማ ስብ ይገባበታል። እሷ ናት ይሄን የነገረችኝ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ቶርታ ፍሪታ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥም በባህሉ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው፣ እንዳትነኩት አለችን። ሌላም ነገር ነገረችን። በዚያ ክልል በእጅ የሚሠራው ትኩስ ፓስታ እንቁላል አለበት፣ ለጿሚ የሚሆነው ከፓኮ የሚወጣው ደረቁ ነው፣ በቲማቲም ብቻ አዙ፣ አይብ እንዳይነሰንሱበት ቀድማችሁ ተናገሩ። ጣሊያን ሄዶ ለሚጾም ወገኔ ሁሉ ይሄን ምክር እንዳለ አስተላልፋለሁ። ትልቅ ሆቴል ብናርፍ ቁርሱ በአራት ሰዓት ይነሳል፣ አለቀ። ለማን ይነገራል?

እሷው ናት ካቴድራሉን እንድናይ የገፋፋችን። "ጾማችሁ ለአሱንታ ከሆነ እንዴት ሳታዩ ትሄዳላችሁ?" አለች። የፓርማ ካቴድራል በአሱንታ፣ ማለትም በእመቤታችን ዕርገት ስም የተሠራ ነው። ጉልላቱን ኮሬጆ የሚባለው ሠዓሊ ከ1526 እስከ 1530 ባሉት ዓመታት የሣለው ይሄንኑ ነው። ቀና ስትሉ መላእክት በደመና ላይ ክብ እየሠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እመቤታችን በመሀላቸው አለች፣ ከላይ ብርሃን ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ረጅም ሰዓት ቆመች። አንገቷን እንዳያማት ፈርቼ "እማዬ ቁጭ በይ" ብላትም አልሰማችኝም። እነሱ በዓሉን የሚያከብሩት ነሐሴ አጋማሽ በ15 ነው፣ የእኛ ፍልሰታ ደግሞ ሳምንት ቆይቶ በ22 ይፈታል። የጉብኝት መጽሐፍ ስለ ኮሬጆ ይነግራችኋል። ጿሚ መሆናችሁን አይቶ ዛሬውኑ ሂዱ የሚላችሁ ግን ሰው ነው።

ክርክሬ እንግዲህ ይሄ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ሰው ያለበት ቤት ያስፈልገናል። አሁን ብዙ ሰው የሚይዘው በስልክ ኮድ የሚከፈት አፓርታማ ነው። በሩ ላይ የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሏል፣ ቁጥሩን ትነካላችሁ፣ ትገባላችሁ፣ ትወጣላችሁ፣ ማንንም አታዩም። ለአንዳንዱ ሰው ይመቸው ይሆናል። የጣሊያን የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን በኅዳር 2024 አከራዮች እንግዳውን በአካል አይተው ማንነቱን እንዲያረጋግጡ የሚያዝ ሰርኩላር አወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሶ አከራክሯል። እኔ በዚህ ከሚኒስቴሩ ጎን ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ከእነሱ ይለያል። እነሱ ስለ ጸጥታ ነው የሚያስቡት። እኔ የማስበው ማታ አምስት ሰዓት ባቡሩ ዘግይቶ፣ ሻንጣ እየጎተተ፣ ቋንቋ ሳይችል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ስለሚደርሰው ሰው ነው። ኮድ ለዚህ ሰው ምን ይሠራለታል?

ፓስፖርት መጠየቁ ብዙ ወገኖቻችንን ያስከፋል። "ጥቁር ስለሆንኩ ነው" የሚል ሰው ሰምቻለሁ። እንደዚያ የሚሆንበት ቦታ የለም አልልም፣ ሆቴል ላይ ግን ለሁሉም ነው፣ ለጣሊያናዊውም ጭምር። በ1931 በሙሶሊኒ ዘመን የወጣው የጸጥታ ሕግ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፣ ሆቴሉ ያሳደረውን ሰው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኩዌስቱራ፣ ማለትም ለፖሊስ መምሪያው፣ ማሳወቅ አለበት። ይሄ ምዝገባ ደግሞ ለእኛ ይጠቅማል። በ2007 በወጣ ሕግ መሠረት ከሌላ የሸንገን ሀገር ተነስቶ ለአጭር ጊዜ ጣሊያን የገባ የውጭ ዜጋ በስምንት ቀን ውስጥ መግባቱን ለኩዌስቱራ ማሳወቅ ይኖርበታል። ሆቴል ካደረ የሆቴሉ ምዝገባ ይሄንኑ ይተካለታል። ዘመድ ቤት ካረፈ ግን አስተናጋጁ ራሱ በ48 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለበት፣ ብዙ ዘመድ ደግሞ ይሄን አያውቅም። የተመዘገባችሁበትን ወረቀት ኮፒ ስጡኝ በሉ፣ አስቀምጡት።

ሌላው ነገር ታሪክ ነው፣ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከፓርማ ባቡር ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊት አንድ ሐውልት ቆሟል። ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በ1860 እዚያው ፓርማ የተወለደ የጦር መኮንን ነው፣ በ1890ዎቹ የጁባንና የኦሞን ወንዞች ተከትሎ ሀገራችንን ያሰሰ። የአድዋ ጦርነት ሲካሄድ እሱ በደቡብ በኩል ነበር። በመጋቢት 1897 ወለጋ ውስጥ፣ ጊዳሚ አካባቢ፣ ከነጓዶቹ ተከቦ ተገደለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከተማው ሐውልት አቆመለት። እሱ ከላይ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ሁለት አፍሪካውያን አሉ። አንዱ ኦሞን፣ አንዱ ጁባን ይወክላሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

እናቴ ሻንጣዋን አቁማ "ይሄ ማነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ሮም ብንሄድ ኖሮ ስለ ሮማ ቄሣሮች ነበር የምናወራው። ትንሽ ከተማ ላይ ግን ወንዛችን የሰው ምስል ተሰጥቶት ከአንድ መኮንን እግር ሥር ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ሐውልቱ ይነሳ አልልም። ግን ጎኑ ላይ፣ በጣሊያንኛም በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሰውየው እዚያ ምን ሊሠራ እንደሄደና ለምን እንደሞተ በግልጽ ይጻፍ። በየቀኑ ተማሪ የሚያልፍበት ቦታ ነው።

ደግሞ ያቺው ከተማ ሌላም ታሪክ አላት። በነሐሴ 1922፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከመያዙ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ኢታሎ ባልቦ የሚባለው የፋሺስት መሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሸሚዞች፣ ማለትም የፋሺስት ታጣቂዎች፣ ይዞ ፓርማን ሊይዝ መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለው የድሆች ሠፈር፣ ኦልትሬቶሬንቴ፣ በጉይዶ ፒቼሊ መሪነት መንገዱን በጠረጴዛና በድንጋይ ዘጋ። ለቀናት ተዋጉ። ፋሺስቶቹ ሳይገቡ ተመለሱ። የሆቴላችን ባለቤት አያቷ ከዚያ ሠፈር እንደሆኑ ስትነግረን ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። እኔም የማይጨውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን አምስት ዓመት አነሳሁባት። ባንኮኒው ላይ ቆመን ቡናችን ቀዘቀዘ። ጣሊያን ማለት አንድ ሰው እንዳልሆነ እንዲህ ካልተገናኘን በስተቀር ከየት እናውቃለን?

ችግሮቹን አልደብቅም። የዚያ ሜዳ ሙቀት በነሐሴ ይገድላል፣ ቢንቢውም አይጣል ነው። ስለዚህ ኤሲ አለ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፎቶ ላይ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ። ሊፍት ከሌለ ለእናት ለአባት ታችኛውን ፎቅ ጠይቁ። በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ሬስቶራንቱም ሱቁም ይዘጋል፣ የምትበሉበትን ቀድማችሁ እወቁ። የከተማው የእንግዳ ግብር በሰውና በሌሊት ታስቦ ለብቻ ነው የሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜ ዋጋው ውስጥ አይገባም። ቢቻላችሁ በቀጥታ ደውላችሁ ያዙ። የኢንተርኔት ድርጅቶቹ ከሆቴሉ የሚወስዱት ኮሚሽን ቀላል አይደለም፣ ባለቤቶቹ ለደወለ ሰው ቅናሽ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ስለ ራሳችን ነው። ለሸንገን ቪዛ የአልጋ ማስረጃ ይጠየቃል። አንዳንድ ሰው፣ አንዳንድ ወኪልም፣ ለወረቀቱ ሲል አልጋ ይይዛል፣ ቪዛው ሲመታ ይሰርዛል። አንዳንዱ ሳይሰርዝ ዝም ብሎ ይቀራል። ቪዛው ራሱ ምን ያህል እንደሚያንገላታ አውቃለሁ፣ ክፍያው ብቻ ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። የተጨነቀ ሰው ላይ አልፈርድም። ግን አሥራ ምናምን ክፍል ያለው ቤት ላይ በኤግዚቢሽን ሰሞን ሁለት ክፍል ባዶ ማደር ማለት የዚያ ሳምንት የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ቀጥሎ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠይቃቸውን ሰው ደግሞ በጥርጣሬ ያዩታል። ቪዛው ከተከለከለ ወይ ሐሳባችሁ ከተለወጠ በዚያው ቀን ደውላችሁ ንገሯቸው። ጣሊያንኛ ባትችሉ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ኢሜይል ይበቃል።