ሮዝመሪ በሁለት ሳምንት ፀጉር አይሞላም

እህቴ፣ «የሮዝመሪ ኢሴንሻል ኦይል ሳይበረዝ ከተቀባ፣ የሳሳ ፀጉር በሁለት ሳምንት ይሞላል» ብለሻል። እዚህ ቱሉ ዲምቱም ቡና ላይ የሚወራው ይኸው ስለሆነ ትንሽ ላርምሽ።

ሮዝመሪ ያው የጥብስ ቅጠላችን ነው፤ ኢሴንሻል ኦይሉ ደግሞ ከቅጠሉ ተጣርቶ በብልቃጥ የሚሸጠው ጠንካራ ዘይት ነው። ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የኢራን ጥናት አለ። 100 ሰዎች ተካፈሉ፤ ግማሾቹ የሮዝመሪ ዘይት፣ ግማሾቹ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል (ፀጉር ለማብቀል የሚቀባ መድኃኒት) ተቀቡ። በ3ኛው ወር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የፀጉሩ ቁጥር በሁለቱም በኩል የጨመረው በ6ኛው ወር ነው። ሁለቱንም ያልተቀባ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረ፣ እሱም ቢሆን ቁርጥ ያለ ማስረጃ አይደለም።

«ሳይበረዝ» ያልሽው ግን የባሰ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት 3 ጠብታ ይበቃል፤ እሱንም መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። (ከአጥር ቀጥፈን የምናፈላው ቅጠል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የብልቃጡን ያህል ጉልበት የለውም።)

ፀጉር የሚሳሳበት ምክንያትም ብዙ ነው። ግንባርና ጆሮ አካባቢ ከሆነ ግጥም ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማላላት እንጂ መቀባት አያድንም። የብረት እጥረትና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርም ፀጉር ያሳሳሉ፤ እነሱ በደም ምርመራ ይታያሉ። ከወሊድ በኋላ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ምስጋናውን ግን የሚወስደው ያን ሰሞን የተቀባነው ዘይት ነው።