ለኤጀንቱ የሚከፍለው ማነው?

የጓደኛዬ ታናሽ እህት በቀደም አንድ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ተማሪ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ከሚልክ ኤጀንት ቢሮ የሰጧት ነው። የሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ስም አለበት፣ ሦስቱም ዩኬ ናቸው፣ ከላይ በእስኪርቢቶ "ላንቺ የሚሆኑ" ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ መማር የምትፈልገው የውሃ ምህንድስና ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሦስቱም ጋ ፕሮጀክት ማኔጅመንት። "እኔ እኮ ይሄን አላልኩም" ስትለው ሰውየው ምን ቢላት ጥሩ ነው? "እህቴ፣ ይሄ ቶሎ ይወጣል። ደግሞ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ትቀይሪዋለሽ።"

ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ጽፋለች፦ "በሱ ልጨርስ ወይስ ራሴ ልሞክር?"

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "ኤጀንት ሁሉ ሌባ ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ ብቻውን ሞክሮ የተሳካለት ሰው በዓለም ላይ የሌለ ይመስል "እንዳትሞክሪው" ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ለልጅቷ አይጠቅሟትም። እኔ ሰውየው ደግ ነው ክፉ ነው ከማለቴ በፊት ማወቅ የምፈልገው እንጀራው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ብዙ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ነው ቢሮ የሚገባው። በዩኬ፣ በአውስትራሊያ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካም ጭምር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ላመጣላቸው ኤጀንት ኮሚሽን ይከፍላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ከመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያ ላይ በመቶኛ ነው። ለምሳሌ የዓመቱ ክፍያ 20,000 ፓውንድ፣ ኮሚሽኑ ደግሞ 15 ከመቶ ቢሆን ኤጀንቱ ከአንድ ተማሪ 3,000 ፓውንድ ያገኛል። የሚከፈለው ተማሪው ሲመዘገብ ነው። ትምህርቱ ይመቸው አይመቸው፣ ይመረቅ አይመረቅ ሒሳቡ ውስጥ የለም።

ስለዚህ "አገልግሎታችን ነፃ ነው" ሲሏችሁ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከእናንተ ኪስ አይወጣማ። ኮሚሽን መብላት በራሱ ነውር አይደለም፣ ደላላም ሠርቶ አዳሪ ነው። ግን ኮሚሽን የማይከፍል ዩኒቨርሲቲ እንዴት ብሎ እዚያ ወረቀት ላይ ይገባል?

ጀርመንን ውሰዱ። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ለየት ያሉ አሉ፤ በባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ሌላው ቦታ ግን በአብዛኛው የሴሚስተር መዋጮና የኑሮ ወጪ ነው። ክፍያ ከሌለ የክፍያ መቶኛ የለም፣ መቶኛ ከሌለ ደግሞ ኤጀንቱ በምን ይነሳሳል? ልጅቷ ግማሽ ቀን ቢሮው ተቀምጣ ጀርመን የሚል ቃል እንዳልሰማች ነገረችኝ። ብዙዎቹ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኡኒ አሲስት በሚባል ድርጅት በኩል ነው፤ ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ። የትምህርት ዓይነቶቹን ደግሞ ዳአድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በነፃ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ይሄን ለማየት ኤጀንት አያስፈልግም፣ የሚከፈት ኢንተርኔት ብቻ።

የአሜሪካው ደግሞ ይገርማል። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ገንዘብ የሚያገኙ ኮሌጆች ተማሪ ለመለመለ ሰው በተማሪ ቁጥር ኮሚሽን እንዳይከፍሉ ሕጉ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በተማሪ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ ያስመዘግባል። ሆኖም ክልከላው ውጭ አገር የሚኖሩትንና የፌዴራሉ እርዳታ የማይመለከታቸውን የውጭ ተማሪዎች አይጨምርም። የራሳቸውን ልጆች ከዚህ ጠብቀዋል፣ የሌላ አገር ልጅ ግን ራሱን ይጠብቅ እንደ ማለት ነው። ለዚህ ይሆናል የአሜሪካ መንግሥት ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በሚባለው የማማከር አገልግሎቱ መረጃውን በነፃ የሚሰጠው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። እኔም ከዓመታት በፊት በኤጀንት ሞክሬያለሁ። ቢሮ ሄጄ ዶክመንቴን ሰጠሁ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ በስሜ ኢሜይል ከፈተች። "ለማመልከቻው ብቻ ነው፣ እንዳይቀላቀልብህ" አለችኝ። ደስ አለኝ እንጂ ፓስወርዱን አልጠየቅኩም። ሁለት ወር "ገና ነው፣ እየጠበቅን ነው" ሲሉኝ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ተናድጄ ፓስወርዱን አምጡ ብዬ ገባሁበት። 41 ያልተነበበ መልእክት። አብዛኛው ማስታወቂያ ነው፣ አንዱ ግን የዩኒቨርሲቲው ነበር፦ አንደኛው የድጋፍ ደብዳቤ ፊርማ ስለሌለው በ10 ቀን ውስጥ ተፈርሞ ይላክ ይላል። ያየሁት ቀኑ ካለፈ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ፊርማ እኮ ነው! መምህሬን ባገኘው አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ኢሜይሉን የከፈተችው ልጅ የት አለች ብላቸው ሥራ ከለቀቀች ቆይታለች አሉኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ። ኢሜይሉ የእናንተ፣ ፓስወርዱ የእናንተ፣ ስልክ ቁጥሩም የእናንተ መሆን አለበት። ኤጀንቱ ይህን እምቢ ካለ ውይይቱ እዚያው ላይ አለቀ።

ይህ ያመለጠ ዕድል ነው፣ ያናድዳል ግን ያልፋል። የማያልፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ውስጥ የወጣውን ጉዳይ ብዙዎች ያስታውሱታል። ከሕንድ በአማካሪ በኩል የሄዱ ተማሪዎች ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ተመርቀው ሥራ ይዘው ቋሚ መኖሪያ ያመለከቱ ሁሉ ነበሩ፣ ያኔ ነው መጀመሪያ ቪዛ ያገኙበት የኮሌጅ ደብዳቤ ሐሰተኛ እንደነበር የተነገራቸው። አማካሪው በ2024 እዚያው ካናዳ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮም ኮሌጁ ራሱ ደብዳቤውን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እንዲያረጋግጥ ተደርጓል። ጥሩ ነው። ግን ፎርሙ ላይ ስሙ ያለው ተማሪው ነው፣ ፊርማውም የሱ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ማቅረብ በካናዳ ለ5 ዓመት፣ በዩኬ እስከ 10 ዓመት ከመግባት ሊያስከለክል ይችላል። "ኤጀንቱ ነው የሞላው" የሚለው መልስ ደግሞ ብዙ ርቀት አይወስድም። ያልሠራችሁበትን የሥራ ልምድ "ትንሽ ጨመር እናርገው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሌላም አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባችሁ ሰው የቪዛ ምክር የመስጠት ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። በካናዳ ገንዘብ ተቀብሎ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ነው። አውስትራሊያም ተመሳሳይ ነው፣ የተመዘገበ የማይግሬሽን ኤጀንት ወይም ጠበቃ ይፈልጋል። የተመዘገቡትን ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ያ "ከደረስሽ በኋላ ትቀይሪዋለሽ" ያላት ሰውየም እዚህ ጋ ይያዛል። የዩኬ የተማሪ ቪዛ ስፖንሰር ካደረገው ዩኒቨርሲቲ ጋር የታሰረ ነው፤ የምትፈልገውን ትምህርት ፍለጋ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ማለት እንደገና ቪዛ ማመልከት ማለት ነው።

ስኮላርሺፕ እናስገባችኋለን ብለው ገንዘብ ስለሚቀበሉት ብዙ አልልም። ለእንግሊዙ ቼቭኒንግም ሆነ ለአሜሪካው ፉልብራይት ስኮላርሺፕ ለማመልከት አይከፈልም። በቃ።

ታዲያ ኤጀንት ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኤጀንት ነው የሄደችው፣ እስካሁን ታመሰግነዋለች። ትራንስክሪፕቷና ፓስፖርቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ፊደል አንድ አይደለም፣ እሷ አላየችውም፣ እሱ ገና ሲያገላብጠው ያዘው። ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ለሚውል ሰው፣ ወይም ፎርም ሲያይ ራሱን ለሚያመው፣ ቀነ ገደብ የሚያስታውስና ወረቀት የሚያደራጅ ሰው ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው። እሷ ግን የምትማረውንና የምትማርበትን ለይታ ነው የሄደችው። ኤጀንቱንም ያገኘችው ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያውቋቸውን ኤጀንቶች በየአገሩ ይዘረዝራሉ፣ ብሪቲሽ ካውንስልም ሥልጠናውን የጨረሱ ኤጀንቶችን ዝርዝር ያወጣል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት ማንም ያትማል። እዚያ ዝርዝር ላይ ስሙ አለ ወይ ነው ነገሩ።

ለልጅቷም ያልኳት ይሄንኑ ነው። መጀመሪያ አንድ ማመልከቻ ራስሽ ሞልተሽ ላኪ፣ የት ጋ እንደሚከብድሽ ታያለሽ፣ ከዚያ ለከበደሽ ነገር ብቻ ሰው ፈልጊ። እሱንም አንድ ጥያቄ ጠይቂው አልኳት፦ ከእነዚህ ከሦስቱ ኮሚሽን ታገኛለህ ወይ?

አራት ማታ ፈጀባት። ፎርሙ በአንድ ማታ አለቀ፣ ሦስቱን የበላው ለምን መማር እንደምትፈልግ የምትጽፈው ገጽ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ሊጽፍላት አይገባም ነበር። በመሀል ስለ ቋንቋ ፈተናው ግራ ሲገባት ለትምህርት ክፍሉ በቀጥታ ኢሜይል ጻፈች፣ በሁለተኛው ቀን መለሱላት። የውሃ ምህንድስና ነው፣ ጀርመን።

ኤጀንቱንም ጠይቃዋለች። መልሱን ስክሪንሾት አድርጋ ላከችልኝ፦ "እህቴ፣ ይሄ በቴክስት አይሆንም፣ ቢሮ ነይና እናውራ።"