የህንድ ፊልም ስትተረጉሙ ዘፈኑን አትዝለሉብን

ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ሲታይ፣ ዘፈን በጀመረ ቁጥር ግማሹ ሰው ውጭ ወጥቶ ይቆም ነበር። «ድብድቡ ሲጀመር ጥሩን» ይሉናል። እኔ አልወጣም። ቃሉ ባይገባኝም፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ስትጠቀልል አንድ ትልቅ ነገር እየተባለ መሆኑ ይሰማኝ ነበር። ምን እንደተባለ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ፣ የግጥሞቹን ትርጉም እየፈለግኩ ሳነብ ነው።

ዛሬ በአማርኛ ተተርጉመው የሚቀርቡልንን የህንድ ፊልሞች ሳይ ያ ቪዲዮ ቤት ትዝ ይለኛል። ተርጓሚው ንግግሩን አንድ በአንድ ይነግረናል፤ ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል ወይም ቆርጦት ያልፋል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በተለይ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምቆጥረው) በተሠሩት ፊልሞች ላይ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። በእነዚያ ፊልሞች ሰው በንግግር የማይደፍረውን የሚናገረው በዘፈን ነውና።

በ1963 የወጣውን «ጉምራህ» እንውሰድ። ሚና የምትወደው ሰው እያላት እህቷ ትሞትባታለች። እናት ላጡት ልጆች ስትል የእህቷን ባል ታገባለች። ያ የቀድሞ ወዳጇ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ባሏ ቁጭ ብሎ እየሰማ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ይዘፍናል። ነይ፣ እንደገና የማንተዋወቅ እንሁን ይላታል። እኔም ካንቺ ደግ ፊት አልጠብቅ፣ አንቺም በዚያ ልብ በሚያሳስት ዓይን አትዪኝ። ማሳረጊያው ላይ፣ ዳር ሊደርስ የማይችል ታሪክ አንድ ውብ መታጠፊያ ላይ ቢተዉት ይሻላል ይላል። ለሌላው ሰው የምሽት ዘፈን ነው፤ ለእሷ ስንብት ነው። ሰምና ወርቅ ይዘን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ግጥሙ ካልተነገረን ግን ያየነው አንድ ሰው ፒያኖ ሲጫወት ብቻ ነው።

ይህን ግጥም የጻፈው ሳሂር ሉዲያንቪ ነው። ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት በኡርዱ ቋንቋ የግጥም መድበል ያሳተመ፣ ስሙ የተጠራ ገጣሚ ነበር። ሌሎቹ የፊልም ዘፈን ግጥም ጸሐፊዎች፣ ማጅሩህ ሱልታንፑሪም፣ ሻኪል ባዳዩኒም፣ ካይፊ አዝሚም ገጣሚዎች ተሰብስበው ግጥማቸውን ለሕዝብ ከሚያሰሙበት ከሙሻይራ መድረክ የመጡ ናቸው። ከዚያ ይዘውት የመጡት ጋዛል የሚባለው የግጥም ዓይነት ደግሞ ከመገናኘት ይልቅ መለየትን ይወዳል፤ ተወዳጁ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው፣ ወዳጁ ደጅ ጠኚ ነው። የዘፈኖቹ ናፍቆት ለሙዚቃው ማድመቂያ የተጨመረ ሳይሆን የቆየ የግጥም ወግ ነው።

ዘፈኑን መናቅ በእኛ አልተጀመረም። የህንድ የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት ቢ. ቪ. ኬስካር በ1952 ሥልጣን ሲይዙ የፊልም ዘፈን ተራ ነገር ነው ብለው ከመንግሥት ሬዲዮ ገፉት። አድማጩ ጣቢያ ቀይሮ ወደ ጎረቤት አገር፣ ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሬዲዮ ሄደ። በ1957 መንግሥት ራሱ ቪቪድ ባርቲ የተባለ ጣቢያ ከፍቶ ዘፈኖቹን መለሳቸው።

ሁሉም ዘፈን ዕንቁ ነው አልልም። አክተሩ አልፈልግህም ያለችውን ልጅ መንገድ ለመንገድ እየተከተለ የሚዘፍንባቸው አሉ፤ እነሱ ቢቆረጡ አልከራከርም።

ተርጓሚዎቻችንን የምለምናቸው ግን ከአንድ ዘፈን እንዲጀምሩ ነው። በ1961 «ሁም ዶኖ» ፊልም ላይ መሐመድ ራፊና አሻ ቦስሌ የተቀባበሉት ነው፤ ግጥሙ አሁንም የሳሂር ነው። ምንም ከባድ ቃል የለበትም። መሽቷል፣ ልትሄድ ነው። አሁን መምጣትሽ አይደል፣ ልቤ ገና አልጠገበም፣ ጥለሽኝ አትሂጂ ይላታል። እሷም ኮከቡ ወጣ፣ መብራቱ በራ፣ አታስቀረኝ፤ አሁን ከቀረሁ መቼም መሄድ አልችልም ትለዋለች። ደግሞም አንተ ሁልጊዜ ልቤ አልጠገበም እንዳልክ ነው የምትኖረው።