ግልጽ ደብዳቤ ለአባ ካርቦን

ለ፦ አባ ካርቦን
ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የብስክሌት መስመር ላይ

ጉዳዩ፦ የእግዜር ሰላምታ ስለመንፈግዎ

ክቡር ሆይ፣

ስምዎን ባለማወቄ ይቅርታ አልጠይቅም። ሰው ስሙን የሚያስተዋውቀው ሰላም ካለ በኋላ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከእኔና ከመሰሎቼ ጋር ገና እዚያ አልደረሱም። ስለዚህ በአባቶቻችን ወግ የፈረስ ስም አውጥቼልዎታለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ከእርስዎም ለእኛ የሚታየን ፈረስዎ፣ ማለትም ብስክሌትዎ፣ ብቻ ስለሆነ፣ በተሠራበት ቀላልና ውድ ካርቦን ጠራንዎት። እኔ በዚሁ ወግ አባ ፊኒክስ ነኝ። ፈረሴ ፊኒክስ የሚባል የቻይና ብረት ብስክሌት ነው፤ ሃያ ኪሎ ይጠጋል፤ ከእኔ በፊት የማላውቃቸውን ጌቶች አገልግሏል፤ ፍሬኑ ሲያዝ ለሰፈሩ ሁሉ ያሳውቃል።

እርስዎ ከአራት ኪሎ ሲወርዱ፣ እኔ ከአፍሪካ አዳራሽ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሽቅብ ስገፋ፣ ጠዋት ጠዋት ሒልተን አካባቢ እንተላለፋለን። ቅንድቤን አነሳለሁ። መነጽርዎ ጥቁር ቢሆንም የሄልሜትዎን አቅጣጫ አይቼ ዐይንዎ የት የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። መጀመሪያ የፊት ጎማዬን ያያሉ። ቀጥሎ በሽቦ የታሰረውን ፓራፋንጎ። ቀጥሎ ቅባት የጠማውን ካቴና። ከዚያ ከኋላዬ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሬ ያሰርኩትን ካርቶን ይመዝናሉ። ፊቴ ጋር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀርዎት ድንገት የሆቴሉ አጥር ይማርክዎታል። አጥሩን እኔም ተመልክቼዋለሁ፤ አጥር ነው። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእርስዎ ዐይን ግን ካቴና አይቶ ራሱ ይፈርዳል፤ ጉዳዩ ልብዎ ዘንድ አይደርስም።

ሰላምታ አያውቁም ብዬ ስምዎን እንዳላጠፋ ደግሞ እፈራለሁ። ያውቃሉ። ባለፈው እሑድ ከፊቴ ይሄድ የነበረውን፣ እንደ እርስዎ ቸርኬው የሰፋ፣ ማልያው ከቁምጣው የተስማማ ሰውዬ ገና ከሩቁ ሲያዩት፣ ከመሪዎ ላይ ሁለት ጣት ብድግ አደረጉ። እንደ ጳጳስ ቡራኬ ቀስ ብላ ወጣች፤ ቀስ ብላ ወረደች። ከእርሱ ኋላ በብስክሌት ርዝመት ተከትዬ ስደርስ ግን ጣቶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ነበር። ቡራኬው በእኔ ላይ እንዳይፈስስ የተደረገው ጥንቃቄ አስደንቆኛል። በዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ አንዱን ባርኮ ሌላውን መዝለል ቀላል ሥራ አይደለም።

ነገሩን ሳብሰለስለው የደረስኩበትን በግልጽ ልንገርዎ። እርስዎ ብስክሌት ላይ የሚወጡት መኪናዎን ግቢ ውስጥ አቁመው ነው፤ እኔ የምወጣው የታክሲ ሰልፍ ሸሽቼ ነው። ከሩቅ ለሚያየን ግን ሁለታችንም ሁለት ጎማ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን። ሰላምታዬን ከመለሱ፣ በሚኒባሱ መስኮት የሚያይ ተሳፋሪ ሁሉ «ይሄም ሰውዬ መኪና የለውም» ብሎ ከእኔ ወገን ይቆጥርዎታል። ሥጋትዎ ይህ ነው። መቼም መኪናዎን ጀርባዎ ላይ አዝለው መውጣት አይችሉም፤ ስለዚህ በምትኩ ፊትዎን አኩርፈው ይወጣሉ። ኩርፊያው የመኪናዎ ሊብሬ ነው ማለት ነው።

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ቢሆኑ ይህ ጭንቀት አይነካዎትም ነበር። እዚያ ሜዳ ነው፤ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የቀን ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል፤ ሁሉም በሚቀመጥበት ኮርቻ ላይ ማን ይኮራል? በእርግጥ የእነርሱም ሰላምታ ችግር አለው። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ ካገኘኝ ፊቱን አዙሮ አጠገቤ እየነዳ፣ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠይቆ ካልጨረሰ አይለቀኝም፤ መስመሩን ለሁለት ስንሞላው ከኋላ ያለው በክላክስ ይሰድበናል። ቢሆንም ከሁለታችሁ ምረጥ ብባል እርሱን እመርጣለሁ። ቢያንስ እናቴን ያውቃታል።

«ቁልቁለት ላይ ነኝ፤ እጄ ከፍሬን አይላቀቅም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ የብስክሌት መስመር ካገኘን ወዲህ፣ መስመሩ ላይ ብስክሌት ብቻ አይደለም ያለው። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፤ ሕፃን ኳስ ያሳድድበታል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫ ያለ ድምፅ ይመጣበታል። ስለዚህ እጅዎን ማንም አልጠየቀዎትም። በዚህ አገር ግማሹ ንግግር በቅንድብና በትንፋሽ ነው የሚያልቀው። ቅንድብ ብድግ ማድረግ ሰላምታ ነው፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ» ማለት ደግሞ አዎ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ዳገት ላይ ሁላችንም ወደን ሳይሆን ተገደን «እህ» እንላለን። እርስዎም ማታ ሽቅብ ሲመለሱ ሰምቼዎታለሁ። ለጊዜው እንደ ሰላምታ ቆጥሬልዎ ነበር፤ በኋላ ሳጣራ ለእኔ ሳይሆን ለሳንባዎ የተሰጠ መልስ ሆኖ ተገኘ።

ክብደት እንዳይጨምርብዎም አይሥጉ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ለውድድር ብስክሌት የወሰነው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው፤ የእርስዎም ከዚያ ብዙ እንደማይርቅ ከአነዳድዎ ይታያል። ሰላምታ በሚዛን አይነሳም። አጣርቻለሁ።

ስለ ማልያዎ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ያ ጀርባው ላይ የአውሮፓ ኩባንያ ስም የተጻፈበት ልብስ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ከብስክሌት ውድድር ነው። በዚያ ስፖርት ከፊት ያለው ነፋሱን በደረቱ እየሰበረ ለኋለኛው ያቀልለታል፤ ሲደክመው ሌላው ተራውን ይረከበዋል። ጉድጓድ ያየ በእጁ ወደ መሬት እያመለከተ ለተከታዩ ያስጠነቅቃል። ከቡድኑ መካከል ውኃ ተሸክሞ ለጓደኞቹ ማደል ሥራው የሆነ ሰው አለ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ጭምር ነው። ውድድሩን የሚመራው በአደጋ ሲወድቅ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ማምለጥ ነውር ነው የሚል ያልተጻፈ ሕግም አላቸው። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የገባው እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ነው። ከእርሱ በፊትም፣ አገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ሜልቦርን ድረስ ሄደዋል። የዛሬውን ካርቦን ማን ሰምቶት ነበር? እርስዎ ግን ልብሱን ገዝተው ጠባዩን ሱቁ መደርደሪያ ላይ ትተውት መጡ። ምናልባት በልክዎ አልተገኘ ይሆናል።

ድሮ በበቅሎ የሚሄድ ሰው የሚያከብረውን ሰው ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሳ ነበር። ይውረዱ አላልኩም። ጫማዎ ከፔዳሉ ጋር የሚቆላለፍ በመሆኑ መውረድ ለእርስዎ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ መስቀል አደባባይ መብራቱ ላይ አይተናል፤ ቀይ በራ፣ ቆሙ፣ ጫማው አልላቀቅ አለ፣ ከነፈረስዎ በክብር ወደ ቀኝ አጋደሉ። መሬት ላይ ሆነው ያን ጥቁር መነጽር አነሱና እግረኛውን፣ ሊስትሮውን፣ የታክሲውን ረዳት፣ እኔንም ጭምር አንድ በአንድ ፊት ፊታችንን አዩን። የሳቀ ካለ ለመለየት ነበር። ሌላ ቀን እንዲህ አይተውን ስለማያውቁ ሁላችንም ተከብረን ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ከስታዲየሙ ወዲያ ያለው ጎሚስታ ዘንድ የሆነው ነው። የኋላ ጎማዎ ተንፍሶ ብስክሌቱን በትከሻዎ ተሸክመው ሲመጡ፣ እኔ ካቴናዬን ግራሶ እያስቀባሁ ነበር። «እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቅዎት። ድምፅዎን የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ደስ የሚል ድምፅ አለዎት። ከመነዳሪው ተለጥፎ አለቀና ነፋስ ሊሞላ ሲል፣ ጎሚስታው የኮምፕሬሰሩን ጫፍ አስጠግቶ ቆመ። ጎማዎ ፕሬስታ የሚባለው ቀጭን ቫልቭ ነበረው፤ የእርሱ ኮምፕሬሰር ደግሞ ለመኪናና ለእኛ ፊኒክሶች ሰፊ ቫልቭ የተሠራ ነው። በጥቁር ጣቶቹ መካከል አገላብጦ አየው። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ ቫልቭ አይደለም፤ መርፌ ነው» አለ። በዚያች ቅጽበት ፊትዎ ላይ ያየሁትን ነገር ልገልጸው አልሞክርም።

ምግብ በብስክሌት የሚያደርሰው ልጅ ያን ጊዜ ነው ከጥግ የተነሣው። በየጠዋቱ በቀኝዎ ሲያልፍ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» የሚልዎት፣ እርስዎም የማይሰሙት ልጅ ነው። ከቁልፉ መያዣ ላይ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የናስ ቁራጭ ፈታና በቀጭኑ ቫልቭዎ አናት ላይ አዟዟራት፤ ሰፊው ፖምፓ ልክ ገባ። ጎማው ተነፋ። አንገቱን አቀፉት፤ «ወንድሜ፣ ባለውለታዬ» አሉት። ሲሄዱ ለሁላችንም እጅዎን አውለበለቡ፤ አጥብቀው ነው ያውለበለቡት።

በማግስቱ ሒልተን አካባቢ ቅንድቤን አነሳሁ። አጥሩን አዩ።

ከዚህ የተነሣ የሰላምታዎ ዋጋ አንድ ሚስማር እንደሆነ ተረድቻለሁ። አንድ ኪሎ ሚስማር ገዝቶ መስመሩ ላይ በመበተን የአንድ ዓመት ሰላምታ በጅምላ ማግኘት እንደሚቻልም አስልቻለሁ፤ የተውኩት የራሴም ጎማ እዚያው ስለሚያልፍ ነው።

ስለሆነም ከነገ ጠዋት ጀምሮ አንድ ቅንድብ (የግራው ይበቃል) እንዲያነሱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ ካልተቻለ፣ ታክሲዎቻችን በኋላ መስታወታቸው ላይ ጥቅስ እንደሚለጥፉት ሁሉ፣ እርስዎም ማልያዎ ላይ «ሰላምታ ለካርቦን ብቻ» ብለው ያስጽፉ፤ እኛም ቅንድባችንን በከንቱ አናደክምም። ሌላው ጥያቄዬ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። የልጁን የናስ ቁራጭ ከቫልቭዎ ላይ ሳይፈቱ ነው የሄዱት። እስከ ዛሬ በኋላ ጎማዎ ላይ እየዞረች ናት፤ ስናልፍ ፀሐይ ሲመታት አያታለሁ። ከነገ ወዲያ ካልመለሱ መብራቱ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፤ ጫማዎን ለማላቀቅ ጊዜ እንዲኖርዎት ከወዲሁ ማሳወቄ ነው።

ከሰላምታ ጋር

አባ ፊኒክስ

ግልባጭ፦
ለጎሚስታው፤ ልብሱ ሲያምር አይቶ በእጥፍ እንዳያስከፍል፤ በሦስት እጥፍ ይሁን።
ለልጁ፤ እስክትመለስልህ ድረስ «ጋሼ» ማለቱን ተወው፤ «ናሴ» በላቸው።