ሆሚ፣ እናቴ ግቢ ያለው ቼሪ

መጋቢት አጋማሹን ሲያልፍ ዋሽንግተን ዲሲ በቼሪ አበባ ትሸፈናለች። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ በመጡ 3,020 ዛፎች ነው። እኔም በየዓመቱ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። አበባው ከላያችን ሲረግፍ ሁሌ አንድ ነገር እመኛለሁ፤ ይሄን እናቴ ግቢ ብተክለው።

ባለፈው ክረምት ጅማ ስገባ ምኞቴን ለእማዬ ነገርኳት።

"ሆሚው ምን አነሰው?" አለችኝ፣ ከቡናው ጥግ ያለውን ትልቅ ዛፍ በአገጯ እያሳየችኝ።

በአማርኛ ጥቁር እንጨት የምንለው ነው። ሥሩ ስጫወት ነው ያደግኩት። ጠጋ ብዬ አንድ ቅጠል ቀነጠስኩና በጣቶቼ አሸሁት። የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ሲሸተት ያለው ሽታ አፍንጫዬን መታው። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ! ሜሪላንድ፣ ከቤቴ አጥር ጀርባ ማንም ሳይተክለው የበቀለ የዱር ቼሪ አለ፤ የአሜሪካ የራሷ ዛፍ። ቅርንጫፉ ሲሰበር ልክ እንዲሁ ይሸታል። ሆሚ፣ ኮክና ቼሪ ለካ የአንድ ወገን ናቸው።

ያ የአጥሩ ቼሪ ግንቦት ላይ ነጭ አበባ ያንጠለጥላል። ፎቶ የሚያነሳው ግን የለም። እዚያም እንግዳው ይከበራል፣ የቤቱ ልጅ ይረሳል። ደግነቱ አሁን አሁን እየነቁ ነው፤ የሀገር በቀል ችግኝ ብቻ የሚሸጥበት ገበያ አላቸው። ጅማ ችግኝ መሸጫ ሄጄ ሆሚ ስጠይቅ ግን ያቀረቡልኝ ግራቪሊያና ጃካራንዳ ነው። አንዱ የአውስትራሊያ፣ ሌላው የደቡብ አሜሪካ። በጣም አዘንኩ። የሆሚ ቅርፊት ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ዛፉ በብዙ የአፍሪካ አገሮች እየተላጠ ተመናምኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እኛ ደግሞ ለጣውላ እንቆርጠዋለን።

የጃፓኑ ቼሪ ጅማ ላይ አይሆንም። እንቡጡ እንዲነቃ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፤ ቡና የሚያበቅል አየር ያን አይሰጠውም። ሆሚ ግን አገሩ ነው። እርግጥ አበባው ትንንሽና ነጭ ስለሆነ እንደ ዲሲው ከሩቅ አይጠራም። ቀረብ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

ለመትከል ያሰበ ሰው ቦታውን አስቀድሞ ይይ። ዛፉ ከ30 ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል ቤት አጠገብ አይሆንም፤ ለጠባብ ግቢም አልመክረውም። ዘሩ ደግሞ ከደረቀ ይሞታል። የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ፣ ሥጋውን ከዘሩ ላይ አጥቦ አስለቅቆ፣ በዚያው ሰሞን ጥላ ሥር መዝራት ነው።

እማዬ እንደዚያ አድርጋ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ዘርታልኛለች። ትናንት ስደውል "አምስቱ ብቅ ብለዋል" አለችኝ። ዶሮ እንዳይጭርባቸው ዙሪያቸውን እሾህ አጥራለች።